ሥርዓት ለምትወዱ ልጆች

ልጆቼ፣ ዛሬ በየስብሰባውና በየሬዲዮው «ፈጠራ» ሲባል ትሰማላችሁ። መልካም ነው፤ አዲስ ነገር የሚያፈልቅ ሰው ለአገር ያስፈልጋል። ግን እዚህ ራቤል ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ «አዲስ ሐሳብ አይመጣልኝም፤ ያሳዩኝን ሥራ ግን ሳላዛንፍ እሠራለሁ» እያሉ አንገታቸውን የሚደፉ ልጆች አያለሁ። ምክሬ ለእነሱ ነው። ሥርዓት መጠበቅ ራሱ ተሰጥዖ ነው። የመንዝ አባቶች የጓሳን የሣር ምድር ለዘመናት ያቆዩት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲከፈት ብቻ በደንቡ እያጨዱ ነው።

የክትባትን ሥራ ተመልከቱ። አብዛኛው ክትባት ጤና ጣቢያ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ሰው የሚፈራው ሙቀትን ነው፤ እንደ ፔንታቫለንት ያለውን ክትባት ግን በረዶም ያበላሸዋል። ለእኛ ብርዳም አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ባለሙያዋ ጧትና ማታ፣ እሑድና በዓል ሳትል፣ የማቀዝቀዣውን ቴርሞሜትር አይታ ቁጥሩን ሰንጠረዡ ላይ ትጽፋለች። ወደ ቀበሌ ስትወጣም የበረዶ ጥቅሉን እንደወጣ ከክትባቱ ጋር አትከትም፤ ላብ እስኪያወጣና ስትነቀንቀው ውስጡ ያለው በረዶ እስኪንኳኳ ትጠብቃለች። ብትዘለው በዚያ ቀን የሚያውቅባት የለም። በረዶ የመታው ክትባት ለሕፃኑ እንደ ደህናው ይሰጣል፤ ከበሽታ ግን ላያድነው ይችላል። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ቢያሳይ እንኳ ምን እንደሚደረግ፣ ለማን እንደሚነገር አስቀድሞ የተጻፈ ነው።

ይህን ትልልቆቹ ሙያዎችም በሰው ሕይወት ተምረውታል። በ1935 እ.ኤ.አ. ሞዴል 299 የተባለው የቦይንግ አውሮፕላን ለሙከራ ተነሥቶ ወደቀ፤ ልምድ ያለው አብራሪ ነበር የያዘው፣ ነገር ግን የጭራው መቆለፊያ ሳይፈታ ነው የተነሡት። አብራሪዎች አንድ በአንድ እያነበቡ የሚያረጋግጡት ዝርዝር የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና ዝርዝርም 19 ነጥብ ብቻ ነው ያለው። በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሕመምተኛ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል።

እንግዲህ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ የአውሮፕላን ጥገና፣ ኦዲት፣ የመሬት ልኬት፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የእናንተ ዓይነት ሰው የሚፈልጉ ሥራዎች ናቸው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ወረቀት ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው መገልበጥ ብቻ የሆነውን ሥራ ኮምፒውተር እየወሰደው ነው። ዓይናችሁ የሚያይበት፣ እጃችሁ የሚነካበት፣ ስማችሁን ፈርማችሁ የምትጠየቁበት ሥራ ይሻላችኋል። ደግሞም ደንቡ ለምን እንደተሠራ እወቁ፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ሲቸኩል የመጀመሪያውን እርምጃ ይዘላል።

ሥልጠና ከመምረጣችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሂዱና አስፈቅዳችሁ አንድ ቀን ሙሉ ሥራውን ተመልከቱ። ሰንጠረዡን ሲሞሉ ስታዩ እጃችሁ ለሥራው ከተነሣሣ፣ ያንኑ ሙያ ያለ ኀፍረት ምረጡ።