ለመጀመሪያው ማን ይመሰክራል?

አንድ ነገር እውነት መሆኑ በሌላ ምስክርነት የሚታወቅ ከሆነ፣ ለመስካሪው ደግሞ ማን ይመሰክርለታል የሚለው ጥያቄ ከአርስጣጣሊስ እስከ ኢማም አል-ገዛሊ ድረስ ሊቃውንትን ያስጨነቀ ጥያቄ ነው። ምስክር በምስክር ላይ እየተደረበ ማቆሚያ በሌለው መንገድ ወደ ኋላ ቢሄድ ምንም ነገር ሳይረጋገጥ ይቀራል፤ አንድ ቦታ ላይ ይቁም ቢባል ደግሞ የቆመበት ቦታ ራሱ ማስረጃ የሌለው ይሆናል። ይህ ጥያቄ በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ የሚኖር አይደለም። የሠራተኛ ደመወዝ፣ የመሬት ይዞታ መዝገብና የወሳኝ ኩነት ሰነድ ወደ ኮምፒውተር በሚገባበት በዛሬው ጊዜ፣ ሰርቨር፣ ማለትም ለሌሎች ኮምፒውተሮች መረጃ የሚያከማችና የሚያድል ማሽን፣ ማብሪያው በተጫነ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ መልስ ይሰጠዋል፤ መልሱን ግን አብዛኛው ሰው አያየውም።

ፕሮሰሰሩ ኃይል ሲያገኝ ሜሞሪው ገና አልተዘጋጀም፣ ዲስኩ አልተነበበም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለውም የለም። በኢንቴል አሠራር የመጀመሪያው ትእዛዝ የሚነበበው ከ4 ጊጋባይት ወሰን በ16 ባይት ዝቅ ብላ ከምትገኝ አንዲት የተወሰነች አድራሻ ሲሆን፣ አድራሻዋም የምታመለክተው ማዘርቦርዱ ላይ ወደ ተበየደች ፍላሽ ቺፕ ነው። በዚህች ቺፕ ላይ የሠፈረውና ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና የኔትወርክ ካርዱን በየተራ እየቀሰቀሰ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚያስነሣው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። በ1981 እ.ኤ.አ. ከወጣው የአይቢኤም ፒሲ ጀምሮ ባዮስ በሚል ስም ሲታወቅ ቆይቶ፣ ዛሬ በ2005 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዩኢኤፍአይ ፎረም በሚያወጣው መስፈርት ይሠራል። ክላውድ በሚባለው አገልግሎት ይህን ሥራ የሚያከናውነው አገልግሎት ሰጪው ነው፤ ሶፍትዌሩ ያለ አማላጅ በቀጥታ ብረቱ ላይ በሚጫንበት ፊዚካል ሰርቨር ግን ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ፣ በዩኤስቢ ወይም በኔትወርክ መነሣት ይፈቀድለት እንደሆነ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ ይነሣ ወይም ጠፍቶ ይቆይ እንደሆነ የሚወስነው ባለቤቱ መሥሪያ ቤት ነው። በዚህ ላይ ቢኤምሲ የተባለ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ እያለ እንኳ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ የሚሠራ፣ የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ የይለፍ ቃል ያለው ትንሽ ኮምፒውተር አብሮ ይኖራል፤ ይህን የሚቆጣጠር ሰው ሰርቨሩን ከሩቅ ሆኖ ማጥፋት፣ ማስነሣትና ከፈለገው ቦታ እንዲነሣ ማዘዝ ይችላል።

የማሽኑ ሠሪዎች ለጥያቄው የሰጡት መልስ የእምነት ሰንሰለት ይባላል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ቀጥሎ የሚነሣውን ፕሮግራም ከመልቀቁ በፊት ዲጂታል ፊርማውን ይመረምራል፤ ፊርማውም ፕሮግራሙ በአንድ የታወቀ ቁልፍ መጽደቁንና ከጸደቀ በኋላ አንዲት ፊደል እንኳ አለመለወጧን የሚያሳይ የሒሳብ ማረጋገጫ ነው። ፈርምዌሩ የማስነሻውን ፕሮግራም፣ ማስነሻው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት እየመረመረ ይሄዳል፤ ይህም ሴኪዩር ቡት በሚል ስም በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኢኤፍአይ መስፈርት ገብቷል። ይሁንና ፈርምዌሩን ራሱን ማን ይመረምረዋል ሲባል መልሱ ወደ ፕሮሰሰሩ ይወርዳል። ኢንቴል ቡት ጋርድ በሚለው አሠራሩ የአምራቹ ቁልፍ አሻራ አንድ ጊዜ ከተቃጠሉ በማይመለሱ ጥቃቅን ፊውዞች ላይ እንዲቀረጽ ያደርጋል። ከዚያ በታች መርማሪ የለም። ፊውዞቹ የሚታመኑት ስለተመረመሩ አይደለም፤ የሚታመኑት ሊለወጡ ስለማይችሉና ያቃጠላቸው ሰው በትክክል አቃጥሏቸዋል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ሰንሰለቱ ሁሉ የተንጠለጠለበት የመጀመሪያው ቀለበት በሒሳብ አይረጋገጥም።

ይህን ነገር በግልጽ በማሳየት የታወቀው የዩኒክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምሰን ነው። የቱሪንግ ሽልማትን ምክንያት አድርጎ በ1984 እ.ኤ.አ. በታተመው ንግግሩ፣ ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ፕሮግራም፣ ማለትም ኮምፓይለር፣ ራሱ ከተበከለ ብክለቱን በሚያመርታቸው ፕሮግራሞችና በሚቀጥለው ትውልድ ኮምፓይለር ላይ ሊያሳርፍ እንደሚችል፣ የተጻፈው ኮድ ግን ፍጹም ንጹሕ ሆኖ ሊታይ እንደሚችል አስረዳ። ከዚያም የደረሰበት ድምዳሜ ለአንድ መሐንዲስ እንግዳ የሚመስል ነበር፤ ፕሮግራሙን ከማመን ይልቅ ፕሮግራሙን የጻፉትን ሰዎች ማመን ሳይበልጥ አይቀርም የሚል። ስለዚህ ጥያቄው ከማሽን ወጥቶ ወደ ሰው ተመለሰ ማለት ነው፤ ሰውን በሰው ምስክርነት እያጣሩ የማመን ጥበብ ደግሞ ከኮምፒውተር በፊት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የኖረ ዕውቀት ነው።

ይህ ዕውቀት ለከሚሴና ለአካባቢዋ ባዕድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ በዞኑ ውስጥ በተራራ ላይ በድንጋይ ቤቶች የታነጸችው ጥንታዊቷ የአርጎባ መንደር ሾንኬ የእስልምና ትምህርት ማእከል ሆና ኖራለች። የሾንኬው ሼህ ጀውሀር ቢን ሐይደር በወሎ ከታወቁት ታላላቅ ዑለማ አንዱ ሲሆኑ፣ የወሎን እስልምና የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታሪክ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የመረመረው የታሪክ ሊቅ ሁሴን አሕመድም ስለ እርሳቸው ጽፏል። በእንዲህ ያሉ ማእከላት ደረሳ የሚባለው ተማሪ አንድን ኪታብ ከሼሁ ፊት ቁጭ ብሎ ቀርቶ ሲፈጽም ኢጃዛ፣ ማለትም ያንኑ ኪታብ ለሌላ ለማስተማር የሚያበቃ ፈቃድ ይቀበላል። ኢጃዛው ሼሁ ከማን እንደተማሩ፣ እርሳቸውን ያስተማሩትም ከማን እንደተማሩ ስም በስም እየጠራ እስከ መጽሐፉ ደራሲ ሊዘልቅ ይችላል። የነቢዩ ሙሐመድን ንግግርና ተግባር የሚያስተላልፈው ሐዲስም ያለዚህ የስም ሰንሰለት፣ ማለትም ያለ ኢስናድ፣ ተቀባይነት አያገኝም።

ሁለቱን ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ለሚያይ ሰው መመሳሰላቸው ቶሎ ይታየዋል፤ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ልዩነታቸው ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ከአንድ አስተላላፊ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። አንደኛው ዐዳላ የሚሉት የሥነ ምግባር ቀናነት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዶብጥ የሚሉት የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የመያዝ ትክክለኛነት ነው። ሐቀኛ ሆኖ የሚረሳ ሰውም፣ የማይረሳ ሆኖ የሚዋሽ ሰውም አይበቃም። ዲጂታል ፊርማ ከእነዚህ ሁለቱ የሚያሟላው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ የተላከው ሳይለወጥ መድረሱን ከማንም ሰው ትዝታ በላቀ ጥራት ያረጋግጣል፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ግን አደራ ጠባቂ ይሁን ወይም አይሁን አንዳች አይናገርም።

ይህ ክፍተት በ2024 እ.ኤ.አ. በግልጽ ታይቷል። ባይናርሊ የተባለው የደህንነት ድርጅት ተመራማሪዎች በመቶዎች በሚቆጠሩ የኮምፒውተርና የሰርቨር ዓይነቶች ላይ የሴኪዩር ቡት ሥር ሆኖ የተቀመጠው ቁልፍ፣ አሜሪካን ሜጋትሬንድስ የተባለው የፈርምዌር አምራች ለሙከራ ብቻ ያዘጋጀው መሆኑን አገኙ። ቁልፉ ላይ በእንግሊዝኛ «አትመኑ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ነበር፤ ምሥጢራዊው ክፍሉም አስቀድሞ ሾልኮ በአደባባይ ወጥቷል። መሣሪያ አምራቾቹ ቁልፉን በራሳቸው ቁልፍ መተካት ሲገባቸው ሳይተኩት ለገበያ አቀረቡት፣ ማሽኖቹም ማስጠንቀቂያውን እንደ ሥረ መሠረት ይዘው በየዕለቱ በታማኝነት ሲነሡ ኖሩ። እያንዳንዱ የፊርማ ምርመራ በሒሳብ ትክክል ነበር። የጎደለው ይህ ቁልፍ የማን ነው፣ በማንስ እጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

የሐዲስ ሊቃውንት ሌላም ነገር ያውቃሉ፤ ሰንሰለቱ እንከን የሌለው ሆኖ የሚተላለፈው ቃል ግን የተደበቀ ሕመም ሊኖርበት ይችላል፣ ይህንንም ዒላ ብለው ሰይመው ራሱን የቻለ የምርመራ ዘርፍ አድርገውታል። በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ብላክሎተስ የተባለ አጥፊ ሶፍትዌር ሴኪዩር ቡትን ያለፈው ፊርማ ሰብሮ ሳይሆን በትክክል የተፈረመ፣ ነገር ግን በውስጡ ስሕተት የነበረበትን አሮጌ የዊንዶውስ ማስነሻ ይዞ በመምጣት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ የተሻሩ ፕሮግራሞችን የሚመዘግብ ዝርዝር በፈርምዌሩ ውስጥ ማስቀመጥና ማደስ ሲሆን፣ ዝርዝሩ ያልታደሰበት ሰርቨር ሴኪዩር ቡት በርቶለትም ቢሆን በሩ ክፍት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ የነቢይን ቃል የሚያደርስ ሰንሰለት ከንግድ ድርጅት ቺፕ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ክብርን ማቃለል አይሆንም ወይ የሚል። ተቃውሞው እውነት ስላለው ሊደመጥ ይገባል፤ መልሱም ሁለቱ ሰንሰለቶች የሚያርፉበት ቦታ ፈጽሞ የተለያየ መሆኑ ነው። አል-ገዛሊ (1058–1111 እ.ኤ.አ.) ስለ ራሱ የእውነት ፍለጋ በጻፈው ሥራው፣ በመጀመሪያ የስሜት ሕዋሳቱን፣ ቀጥሎም የአእምሮውን ፍርድ ሳይቀር ተጠራጥሮ ለሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ፣ ከዚያ ጥርጣሬ የዳነው በማስረጃ ድርድር ሳይሆን አላህ በልቡ ውስጥ በጣለው ብርሃን እንደሆነ ይናገራል። ለአማኝ የምስክሮች ሁሉ መጨረሻ ሌላ ምስክር የማያሻው አምላክ ነው። የሰርቨሩ ሰንሰለት የሚያርፈው ግን በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ውልና በጥቂት ሰዎች እጅ ላይ ነው። ሥሩ ራሱ ያረጃል፤ ማይክሮሶፍት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው የሴኪዩር ቡት የምስክር ወረቀቶች ዕድሜያቸው ከጁን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲያበቃ ሆነው የተዘጋጁ ናቸው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሥር የሚገባው ኢማን፣ ማለትም ለአምላክ የሚሰጠው እምነት፣ አይደለም። ለሰው እጅ የሚሰጠው አማና፣ ማለትም ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ የሚመለስ፣ ያዡም የሚጠየቅበት አደራ ነው። ማሽኑ «የታመነ» ብሎ ስለጻፈ ብቻ ጥያቄን ማቆም ለፍጡር የማይገባውን መስጠት ነው፤ የመጨረሻው ቀለበት አይረጋገጥም ብሎ ሁሉንም እኩል መጠራጠርም የሐዲስ ሊቃውንት ያልሄዱበት መንገድ ነው። እነርሱ ደካማውን ደካማ፣ የተቆረጠውን የተቆረጠ ብለው እየሰየሙ በደረጃ አስቀመጡት እንጂ ሁሉንም አልጣሉም፣ ሁሉንም አልተቀበሉም።

በኢትዮጵያ ሕግም እንዲህ ላለው ሥር ስም ተሰጥቶታል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የአገሪቱን የዲጂታል ምስክርነት የመጨረሻ ሥር የመሆን ኃላፊነት የሰጠው ዛሬ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ለሚባለው ተቋም ነው። በስሙ የሚጠራና የሚጠየቅ አካል መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ተቋሙ ያጸደቀው ፊርማ በወረዳ ቢሮ በተቀመጠ፣ ማንም በዩኤስቢ ሊያስነሣው በሚችል ሰርቨር ላይ የሚሠራ ከሆነ ከላይ የወረደው ምስክርነት ታች ሲደርስ ይበጠሳል።

ለከሚሴ ይህ የሩቅ ሐሳብ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ደርሶ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ነዋሪ ሲሸሽ ቢሮም ያለ ጠባቂ ሊቀር ይችላል። ባለቤቱ ሳይኖር የቆየ ማሽን ዲስኩ በቦታው ቢገኝና በሰላም ቢነሣ እንኳ በመሃል ማን እንደነካው በዓይን አይታወቅም። ቲፒኤም የተባለው በሰርቨሩ ውስጥ የሚገኝ ትንሽ ቺፕ፣ በእያንዳንዱ መነሣት የሚለካውን የፈርምዌሩንና የቅንብሩን አሻራ ተቀብሎ ስለሚይዝ ለውጥ መኖሩን ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ቀድሞ በደህናው ጊዜ ትክክለኛው ልኬት ተጽፎ በሌላ ቦታ ከተቀመጠ ብቻ ነው። ያልተመዘገበ ነገር ሲለወጥ የሚመሰክር የለም።

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በሱረቱል በቀራ የሚገኘው 282ኛው አንቀጽ፣ በጊዜ ቀጠሮ የሚደረግ ዕዳ ትንሽም ሆነ ትልቅ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍና ምስክሮች እንዲቆሙበት ያዝዛል፤ ሱረቱ ኒሳእ ደግሞ በ58ኛው አንቀጽ አደራን ለባለቤቱ መመለስን ያዝዛል። የሕዝብ መዝገብ የሚይዝ ሰርቨር ከዕዳ ያላነሰ አደራ ነው። ስለዚህ በከሚሴም ሆነ በባቲ፣ በሰንበቴም ሆነ በሌላ ከተማ ሰርቨር የሚረከቡ መሥሪያ ቤቶች ማሽኑን በሚያስነሡበት የመጀመሪያ ቀን የፈርምዌሩን የቅንብር ገጽ በይለፍ ቃል ይዝጉት፣ የቢኤምሲውን የፋብሪካ የይለፍ ቃል ይለውጡት፣ የማያስፈልገውን የዩኤስቢና የኔትወርክ መነሻ ያጥፉት፣ የሴኪዩር ቡቱ ሥር የማን ቁልፍ እንደሆነ ይመልከቱ። የተደረገውንም ሁሉ ከፈርምዌሩ ቁጥርና ከቲፒኤሙ ልኬት ጋር በወረቀት ጽፈው፣ ያቀናበረው ባለሙያና ቆሞ ያየ ሌላ ሰው በስማቸው ፈርመውበት፣ ከሰርቨሩ ክፍል ውጭ በተቆለፈ ቦታ ያኑሩት።