ቀንበሩን ያነደደ ገበሬ
(1ኛ ነገ. 19፥19-21)



ነቢዩ ኤልያስ ኤልሳዕን ያገኘው በጸሎት ቦታ ሳይሆን በእርሻ መካከል ነበር። በማሳው ላይ ዐሥራ ሁለት ጥማድ በሬዎች ተሰማርተው ነበር፤ ኤልሳዕም ከመጨረሻው ጥማድ በስተኋላ ያርስ ነበር። ነቢዩ በአጠገቡ ሲያልፍ መጎናጸፊያውን ጣለበት እንጂ ረጅም ንግግር አላደረገለትም። ኤልሳዕ ግን ጥሪው ገባው። ወላጆቹን ይሰናበት ዘንድ ጠየቀ፤ ተመልሶም በሬዎቹን አረደ፤ በእርሻው ዕቃ እንጨትም ሥጋቸውን ቀቅሎ ለሕዝቡ አበላ። ከዚያም ተነሥቶ ኤልያስን ተከተለ።

የሀገራችን ገበሬ ይህን ታሪክ ሲሰማ ከማንም በተሻለ ይረዳዋል። በሬ የሌለው ሰው መሬት ቢኖረውም እንኳ የሰው እጅ ይጠብቃል። ሞፈርና ቀንበርም በአንድ ቀን የሚበጁ ዕቃዎች አይደሉም፤ እንጨቱ ተመርጦና ተጠርቦ የሚዘጋጅ ነው። ኤልሳዕ እነዚህን ማገዶ ባደረገ ጊዜ ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ የሚመለስበትን መንገድ በገዛ እጁ ዘጋ። ራስን ፈጽሞ ለእግዚአብሔር ጥሪ መስጠት ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ኤልሳዕ ልበ ደንዳና አልነበረም፤ አባቱንና እናቱን ሊስም ወደደ። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ጽዋው ያልፍ ዘንድ ከለመነ በኋላ የአባቱ ፈቃድ እንዲሆን ራሱን ሰጠ (ማቴ. 26፥39)። እንግዲህ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ኀዘንን አለማወቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ ኤልሳዕ «ዕድሌ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ተነሣ፣ ሠራ፣ ተከተለም። በደልን ዝም ብሎ መሸከም ወይም ስንፍናን «የእግዚአብሔር ፈቃድ» ብሎ መጥራት ለጥሪው መታዘዝ አይደለም። ጥሪ የሚያነሣና የሚያስኬድ ነውና።

ከእርሱ በተቃራኒ የቆመውን ባለጸጋ ወጣት እናስታውስ (ማቴ. 19፥16-22)። ትእዛዛቱን ሁሉ ጠብቋል፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሆኖም ያ አንድ ነገር ልቡን በሙሉ ይዞት ነበርና እያዘነ ሄደ። ወንጌል ሌላ ኃጢአት እንደ ሠራ አይነግረንም። የሚነግረን ጌታ ፊት ለፊት ቆሞ እየጠራው እንዳልተከተለው ብቻ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ኤልሳዕን መስዬ አይደለም። ክህነት ከተቀበልኩ ጥቂት ዓመታት በኋላ ከከተማ ወደ አንዲት ሩቅ የገጠር ቁምስና ተመደብኩ። በአፌ «እሺ» አልኩ፤ ሄድኩም። ነገር ግን መጻሕፍቴን የያዙትን ሁለት ሣጥኖች ሳልፈታ ግድግዳ ሥር አስቀመጥኳቸው። በቅርቡ እንደምመለስ ተስፋ አደርግ ነበርና። ቀደስሁ፣ ናዘዝኩ፣ ሙታንን ቀበርኩ፤ ሣጥኖቹ ግን ስምንት ወር ሙሉ እንደ ታሰሩ ቆዩ።

አንድ ቀን በዚያ ቁምስና ለረጅም ዘመን ያስተማሩ አረጋዊ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ለጉዳይ ወደ ቤቴ ገቡ። ሣጥኖቹን አይተው፣ «አባ፣ እነዚህ መቼ ነው የሚፈቱት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጊዜ እንዳላገኘሁ ነገርኳቸው። እርሳቸውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጆቹ ሊሄድ የተዘጋጀ ሰው ያውቃሉ፤ ስለዚህ አይቀርቡዎትም» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ተቆጣሁ፤ በዚያን ቀንም አልፈታኋቸውም። ከሳምንት በኋላ ለእሑድ ስብከት ስዘጋጅ ይህን የኤልሳዕን ታሪክ አነበብኩና ሌሊቱን ተነሥቼ ገመዱን ቆረጥኩ። የአንደኛውን ሣጥን መጻሕፍት ምስጥ ከሥር ጀምሮ በልቷቸው ነበር። የተረፉትን በመደርደሪያ ላይ አኖርኩ። በዚያች ቁምስና በአካል ከደረስኩ ስምንት ወር ቢሆነኝም ቆሞስ የሆንኩት በዚያች ሌሊት ይመስለኛል።

በሀገራችን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ቀንበራቸውን ያነደዱ ምስክሮች አሉን። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ አባቶቻችን «አቡነ ያዕቆብ» ያሏቸው፣ በ1800 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኢጣልያ ተወልደው በ1839 ወደ ሀገራችን መጡ። ቋንቋችንን ተማሩ፣ እንደ ሕዝቡም ኖሩ። ጵጵስናን ለረጅም ጊዜ ሲሸሹ ከቆዩ በኋላ በ1849 በምጽዋ ተቀበሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ለጥሪ መታዘዝ ክብርን መተው ብቻ ሳይሆን የማንፈልገውን ኃላፊነት መሸከምም ነውና። ሐምሌ 31 ቀን 1860 (እ.ኤ.አ.) በጉዞ ላይ እንዳሉ በመንገድ ዳር ዐረፉ።

የጎጃሙ ተወላጅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም እውነትን ሲፈልጉ የኖሩ መነኩሴና ሊቅ ነበሩ። በ1841 ወደ ግብፅ ከተላከው መልእክት ጋር ተጉዘው ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ሮምን አዩ። በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ዕድሜያቸው ከኀምሳ አልፎ ነበር፤ በሊቅነት ያገኙትን ስምና ክብር አሳልፈው ሰጡ። በ1851 ክህነትን ተቀበሉ፤ በ1855 በነሐሴ ወር (እ.ኤ.አ.) በሰንሰለት እንደ ታሰሩ በሰማዕትነት ዐረፉ። «አሁንስ አረጀሁ፤ ጥሪ ለወጣቶች ነው» ለሚል ሰው የእርሳቸው ሕይወት በቂ መልስ ነው።

ምናልባት «ይህ ለካህናትና ለደናግል ነው» የሚል ይኖራል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ አምስተኛ ምዕራፍ ምእመናን ሁሉ በየኑሮአቸው ደረጃ ወደ ቅድስና እንደ ተጠሩ አስተምሮናል። ባልና ሚስት በተክሊል የሰጡትን ቃል በችግር ቀን ሲጠብቁ፣ ነጋዴ ሚዛኑን ሲያስተካክል፣ ልጅ የታመመች እናቱን ሳያጉረመርም ሲያስታምም ጥሪያቸውን ይፈጽማሉ። እናንተም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በዝናብ ቀን ሦስት ሕፃናት ብቻ ሲመጡ ለሠላሳ እንደምታስተምሩ አድርጋችሁ ስታስተምሩ ጌታ ያያችኋል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን በጸሎት ፊት ቀርበን ራሳችንን እንጠይቅ፦ ያልፈታሁት ሣጥን የትኛው ነው? ቂም ነውን? ለሰው ያልተናገርኩት ጥቅም ነውን? ወይስ «ካልሆነልኝ እመለስበታለሁ» ብዬ በስተኋላ ያስቀመጥኩት መንገድ? ብቻችንን መለየት ካቃተን ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ። ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚመለከት ሰው ትልሙ እንደሚጣመም ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ጌታም በዚሁ ምሳሌ አስጠንቅቆናል (ሉቃ. 9፥62)።

ለመልአኩ ቃል ራሷን እንደ አገልጋይ የሰጠች እመቤታችን ድንግል ማርያም፣ ቅዱስ ዮስጢኖስና ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ይለምኑልን። የጠራን ጌታ ልባችንን ሳንከፍል እንሰጠው ዘንድ በጸጋው ይርዳን። አሜን።