ፍርስራሽ ፍርድ አይደለም

ምድር በተናወጠች ቁጥር ፍርስራሹ ሳይነሳ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ እነዚህ ሰዎች ምን በድለው ነው? በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ባፈረሰ ጊዜም ሆነ በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ሲወጣ፣ «ቁጣ ነው» ለማለት የሚቸኩል አይጠፋም። የምድርን አሠራር ልብ ያለ ሰው ግን ይህን ፍርድ ለመስጠት ይቸገራል።

ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ፣ ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር የአሸዋና የኖራ ድንጋይ፣ በመካከሉም ሸክላማ ንጣፍ ይገኛል። የመሬት ስንጥቅ እንዲህ ባለው ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ጠባዩ በእጅጉ የሚወሰነው በስንጥቁ ፊት ላይ ባለው ዱቄት ነው። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ እርስ በርሱ አጥብቆ ይያያዛል፤ ጫናው ለዘመናት ተጠራቅሞ በድንገት ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንቀጥቀጥ ከ300 በላይ ሰው የሞተባት የጣሊያኗ ላኩይላ የቆመችው በእንዲህ ዓይነት የኖራ ድንጋይ ተራሮች መካከል ነው። ስንጥቁን ሸክላ ከለበጠው፣ በተለይም ስመክታይት የሚባለው፣ ዋልካ አፈርን በክረምት የሚያሳብጠውና በበጋ የሚሰነጥቀው ማዕድን ከሆነ፣ ፍትጊያው ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ድንጋዩም ብዙ ጊዜ ያለ ነውጥ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ነገር ግን ያው ሸክላ ውኃ ጠጥቶ ሳለ ከሌላ ስፍራ የተነሳ ፈጣን ስብራት ቢደርስበት ፈጥኖ ይዝላል፤ ስብራቱንም ያሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 በሰሜን ጣሊያን ቫዮንት ላይ ተራራ በኖራ ድንጋይ መካከል ባሉ ስስ የሸክላ ንጣፎች ላይ ተንሸራቶ ግድብ ውስጥ ገባ፤ ማዕበሉ ወደ 2,000 ሰዎችን ፈጀ። አንዱ ማዕድን እዚህ ሲያድን እዚያ ይገድላል። ልዩነቱ የውኃ፣ የጫናና የፍጥነት ነው፤ የሟቾቹ ኃጢአት በስሌቱ ውስጥ ስፍራ የለውም።

«ታዲያ ፈጣሪን ከዓለሙ አስወጣችሁት» የሚል ይኖራል። ምክንያትን መመርመር ግን ክህደት አይደለም፤ የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ የመሠረቱት ፒየር ጉዊን ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። የሚከብደው ተቃውሞ ከመጽሐፍ የሚመጣው ነው፤ ምድር አፏን ከፍታ ቆሬንና ወገኖቹን ውጣ የለምን? አዎን፤ ነገር ግን በዚያ ትርጉሙ አስቀድሞ በነቢይ አንደበት ተነገረ እንጂ ከፍርስራሹ አልተነበበም። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው የባሱ በደለኞች ነበሩ የሚለውን ግምት ክርስቶስ በግልጽ ውድቅ አድርጎታል። የቁርዓኑ የዘልዘላ ምዕራፍም የሚናገረው ሁሉም ሥራውን ስለሚያይበት የመጨረሻው ቀን እንጂ ስለ አንድ መንደር ጥፋት አይደለም።

ይህ ማለት ተጠያቂ የለም ማለት አይደለም። የኦሪት ሕግ ቤት የሚሠራ ሰው ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅ ያዘዘው፣ ወድቆ የሚሞት ሰው ደም በባለቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ሸክላው አይፈርድም፤ የሚንሸራተተውን ዳገት እያወቀ ለመኖሪያ የሚመራ፣ ደካማውን ግድግዳ እያየ የሚያጸድቅ ሰው ግን ይፈረድበታል። ስለዚህ ከአደጋ በኋላ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ሊጠየቅ የሚገባው የሞቱት ምን እንደበደሉ ሳይሆን፣ የምናውቀውን አውቀን ምን እንዳላደረግን ነው።