«ይጀመራል» የሚለው ቃልና ባለቤቱ

የሥነ ፈለክ ሊቅ የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆንበትን ቀንና ሰዓት ከብዙ ዓመት በፊት አስልቶ ቢናገር፣ ጨረቃ ንግግሩን ሰምታ አትፈጥንም፤ አትዘገይምም። ተናጋሪው ከነገሩ ውጭ የቆመ ተመልካች ስለሆነ፣ ቢሳሳት የሚወቀሰው ስሌቱ ነው። ሰው የሚሳፈርበት አዲስ የጠፈር መንኮራኩር ግንባታ መቼ እንደሚጀመር የሚተነብይ የድርጅት ኃላፊ ግን እንዲህ ያለ ንጹሕ ተመልካች ሊሆን አይችልም። የተናገረለት ነገር በገዛ በጀቱና በገዛ ፊርማው የሚሆን ወይም የሚቀር ነው። እንግዲህ የእሱ ንግግር ትንቢት ነው ወይስ ቃል ኪዳን? ትንቢት ከሆነ ሲሳሳት ይቅርታ ይገባዋል፤ ቃል ኪዳን ከሆነ ግን ሲያጥፍ ተጠያቂ ነው።

ሩሲያ ነባሩን የሶዩዝ መንኮራኩር በአዲስ ለመተካት ያደረገችው ጥረት ለዚህ ጥያቄ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2004 «ክሊፐር» የተባለ መንኮራኩር ዕቅድ ይፋ ሆነ፤ በሙሉ መጠን የተሠራ ምስሉም ለተመልካች ቀረበ። ነገር ግን ጨረታው በ2006 አሸናፊ ሳያገኝ ተዘጋ፤ ክሊፐርም ሳይሠራ ቀረ። በ2009 ሶዩዝን የሚሠራው «ኤኔርጊያ» ሌላ መንኮራኩር እንዲነድፍ ውል ተሰጠው፤ ሰው ይዞ የሚበርበትም ዓመት 2018 ተባለ። 2018 መጥቶ ሄደ። መንኮራኩሩ በ2016 «ፌዴራትሲያ»፣ በ2019 ደግሞ «ኦሪዮል» ተብሎ ተሰየመ፤ ሰው አልባው የሙከራ በረራ እንኳ ወደ 2028 ተገፋ። ሳይወለድ ሁለት ጊዜ ስም የወጣለት ልጅ ማለት ይህ ነው።

ለመሆኑ ግንባታ ተጀመረ የሚባለው መቼ ነው? ኃላፊው ከውሉ ፊርማ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ጋዜጠኛው ምስሉ ለትርኢት ከቀረበበት ዕለት። በያጁ ግን የሚበየደው ብረት ከፊቱ እስኪቀርብለት ድረስ ምንም እንዳልተጀመረ ያውቃል። የመሠረት ድንጋይ ተጥሎ ሣር የበቀለበትን ቦታ ያየ ሰው ይህን ልዩነት ለመረዳት የጠፈር ሳይንስ መማር አያሻውም።

ነገሩን ከሚያድበሰብሱት አንዱ ቋንቋው ራሱ ነው። ይህን የመሰለ መግለጫ ዘወትር «ግንባታው ይጀመራል» ይላል እንጂ «እንጀምራለን» አይልም። «ይጀመራል» የሚለው ቃል አድራጊ የለውም፤ ሥራውን እንደ ክረምት ዝናብ፣ እንደዚያ እንደ ግርዶሹ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ያስመስለዋል። ቀኑ ሲያልፍም «ተራዘመ» ይባላል፤ ማን እንዳራዘመው፣ ስለምን እንዳራዘመው አይነገርም። በዚህ መሀል ወጣቱ መሐንዲስ ይሸመግላል፤ ለበረራው የሠለጠነውም ሰው ዕድሜው ያልፋል። ስለዚህ ባለቤት የሌለው ቀን ውሸት ባይባል እንኳ፣ በሌላው ሰው ዕድሜ የሚከፈል ብድር ነው።

ይሁንና ቀን የሚያፈርስ ሁሉ በዳይ፣ ቀን የሚጠብቅ ሁሉ ጻድቅ ነው ብሎ መደምደም የባሰ ስሕተት ይሆናል። ሶዩዝ ራሱ የዚህ ምስክር ነው። በኅዳር 1966 የተላከው የመጀመሪያው ሰው አልባ ሶዩዝ በሰላም አልተመለሰም። በሚቀጥለው ወር ሌላው ገና ከማስወንጨፊያው ሳይነሣ በእሳት ጠፋ። በየካቲት 1967 የተላከው ሦስተኛው ሲመለስ የሙቀት መከላከያው ተበስቶ ተገኘ። በዚህ ሁኔታ አንድ ንጹሕ የሙከራ በረራ እንኳ ሳይገኝ፣ ሜይ ዴይ እየተቃረበ፣ የጥቅምት አብዮት ሃምሳኛ ዓመትም በሚከበርበት በዚያው ዓመት፣ በሚያዝያ 23 ቀን ቭላዲሚር ኮማሮቭ ተሳፍሮ ወጣ። ከሁለቱ የፀሐይ ኃይል መቀበያ ክንፎች አንደኛው አልተዘረጋም። በማግሥቱ ሲመለስ ዋናው ፓራሹት ከማኅደሩ አልወጣም፤ መጠባበቂያውም ተጠላልፎ ቀረ። ኮማሮቭ ከመሬት ጋር ተላትሞ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሰው የያዘ ሶዩዝ እንደገና የበረረው በጥቅምት 1968 ነው፤ በጥድፊያ ተረፈ የተባለው ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል ሆኖ ተከፈለ።

አሜሪካ በ1961 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ አንደበት አሥርቱ ዓመት ሳያልቅ ሰው ጨረቃ ላይ አደርሳለሁ ብላ በ1969 አድርሳለች፤ ቃልን የመጠበቅ ምሳሌ ሆኖም ይነገራል። ነገር ግን በጥር 1967 ሦስት ጠፈርተኞች በምድር ላይ ልምምድ ሲያደርጉ በአፖሎ ውስጥ በተነሣ እሳት ማለቃቸው የዚያው ቃል ሒሳብ አካል ነው። ቻይና በ1992 የፈቀደችው ሼንጆ በአንጻሩ አራት ጊዜ ሰው አልባ ሆኖ ከበረረ በኋላ ነው በ2003 ያንግ ሊዌይን የያዘው።

እንግዲህ በሁለቱም በኩል፣ በተራዘመውም በተጣደፈውም፣ የጎደለው አንድ ነገር ይመስላል። ይኸውም ቀኑን የሚናገረው ሰው ሥራውን ከሚያውቀው ሰው ተለይቶ መቆሙ ነው። አንዱ ሥራው በሌለበት ቀን ይናገራል፤ ሌላው ሥራው እንዳልደረሰ እያየ ቀኑን መቃወም አይችልም። «አልደረሰም» ማለት ለአንድ በያጅ ወይም ለአንድ መሐንዲስ እንጀራውን የሚያሳጣ ቃል በሆነበት ቦታ፣ የኃላፊው «ይጀመራል»ም ሆነ «ይበራል» የሚታመንበት መንገድ የለም። እውነተኛ ትንበያ ከመድረክ ወደ ወርክሾፕ አይወርድም፤ ከወርክሾፕ ወደ መድረክ ይወጣል እንጂ።

ሶዩዝ በየጊዜው እየተሻሻለ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጠፈርተኞችን ሲያመላልስ ኖሯል። የኦሪዮል ቀን በተገፋ ቁጥር፣ ስለ ኦሪዮል ብዙ በተነገረበት በዚያው ድርጅት፣ ሠራተኞቹ ለሚቀጥለው ጉዞ ሌላ ሶዩዝ ይገጥማሉ።