ምጽዋት ተሰጠ የሚባለው መቼ ነው?

ምጽዋት ተሰጠ የሚባለው ከሰጪው እጅ ሲወጣ ነውን ወይስ ከችግረኛው እጅ ሲገባ?

በአሜሪካ አገር በሰጪው ምክር የሚታደል የበጎ አድራጎት ፈንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1931 በኒውዮርክ ተጀመረ፤ በ2006 የወጣው ሕግም ወሰኑን ገለጸ። ባለጸጋው ገንዘቡን ለአንድ ድርጅት ያስረክባል፤ በዚያው ዓመት ግብሩ ሊቀነስለት ይችላል፤ ገንዘቡም በሕግ የድርጅቱ ይሆናል። መቼና ለየትኛው የበጎ አድራጎት ድርጅት እንዲታደል ግን ሰጪው ይመክራል። አብዛኞቹ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ከሀብታቸው ከመቶ 5 ያህል እንዲያወጡ ሲገደዱ፣ ይህ ፈንድ በሕግ የተወሰነ የማደያ ጊዜ የለውም። ከደቡብ ጎንደር ሄዶ በዚያ የሚኖር ምእመንም በዚህ መንገድ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ነገሩ እኛንም ይመለከተናል።

ማከማቸት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዮሴፍ በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማቸ፤ ረኀቡ በመጣ ጊዜ ግን ጎተራውን ከፈተ። ያስመሰገነውም መክፈቱ ነው። እንግዲህ መዘግየት ለድኻው ጥቅም ከሆነ ጥበብ ነው፤ ለሰጪው ደስታ ብቻ ከሆነ ግን ንፍገት ነው።

በደብረ ታቦር በዓል፣ በቡሄ ዕለት፣ እመቤቲቱ ሙልሙል የምትጋግረው በደጅ ቆመው ለሚጨፍሩ ልጆች ነው። መሶቡን ከድና «ልጆቼ፣ ሰጥቻችኋለሁ፤ የምታገኙበትን ቀን ግን ገና እመክርበታለሁ» ብትላቸው፣ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ እርስዋ ግን የሰጠች መስሏት ታድራለች። የነገሩ አደጋ ይህ ነው፤ ኅሊና ግዴታውን የፈጸመ መስሎት ይተኛል። በጉና ተራራ ሥር ያለው ገበሬ ግን አዝመራው ሳይደርስ ጎተራው በሐምሌ ቢጎድልበት፣ ለልጆቹ የሚያስፈልገው እህል እንጂ የተስፋ ቃል አይደለም።

እኛ ካህናትም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። የምእመናን መባ በባንክ ተቀምጦ ሳለ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ ቢዞር፣ ሣጥኑ የእኛ፣ ረኀቡም የእርሱ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የሚሰጥ ሁሉ ስጦታው የሚደርስበትን ቀን በራሱ ላይ ይወስን፤ የሚቀበል ካህንም የአደራውን ሒሳብ በጊዜው ለምእመናን ይግለጥ። ምጽዋት መንገዱን የሚጀምረው ከሰጪው እጅ ነው፤ የሚፈጸመው ግን በተራበው ሰው ማዕድ ላይ ነው።

እግዚአብሔር አምላክ በጊዜው የሚዘረጋ እጅ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።