መልክና ልክ

የሰው ልጅ የገዛ መልኩን በድንጋይ፣ በብራና፣ በሸራና በመድረክ ላይ ማኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አንድ ጥያቄ አልተለየውም፤ መልክ ምን ያህል ሲዘረዘር ነው ሰውን የሚገልጸው? ጥያቄው ለብዙ ዘመን የሠዓሊው፣ የቀራፂውና የተዋናዩ ሆኖ ቆየ። ዛሬ ግን በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ የራሳቸውን ምስል በራሳቸው እጅ የሚቀቡ ልጆችም ጥያቄ ሆኗል። ጉዳዩ ከጨዋታ መንደር በመምጣቱ ብቻ ቀላል ነው ሊባል አይገባም። የሰውን ምስል ማን ይሠራዋል፣ በምን መሣሪያ፣ በማንስ ፈቃድ የሚለው የኪነ ጥበብ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ጥያቄ ነውና።

ጥያቄው ጎልቶ የሚታየው ማይንክራፍት በተባለው ጨዋታ ላይ ነው። ማርኩስ ፐርሶን የተባለ ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ያቀረበውን ይህን ጨዋታ ሞጃንግ የተባለው የስቶክሆልም ድርጅት በ2011 በተሟላ መልኩ አወጣው፤ በ2014 ደግሞ ማይክሮሶፍት ድርጅቱን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2023 የተሸጠው ቅጂ ከ300 ሚሊዮን ማለፉ ተገልጿል። የጨዋታው ዓለም ከዳር እስከ ዳር በብሎኬት የታነፀ ነው፤ ተራራው፣ ዛፉ፣ ላሟ፣ ፀሐይዋ እንኳ ሳትቀር ባለ አራት ማዕዘን ናቸው። ተጫዋቹ ብሎኬቱን እየፈነቀለና እየካበ ቤትና ከተማ ይሠራል። በዚህ ዓለም የሚመላለሰው ሰውም ስድስት ሣጥኖች ተገጣጥመው የቆሙበት ነው፤ አንድ ራስ፣ አንድ አካል፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር። በሣጥኖቹ ላይ የሚለበጠውን ሥዕል ተጫዋቾቹ «ስኪን» ይሉታል፤ ቆዳ እንደ ማለት ነው።

የስኪኑ ልክ የተወሰነ ነው። የሚሳልበት ገበታ በወርድ 64፣ በቁመትም 64 ፒክስል፣ ማለትም ባለ አንድ ቀለም ነቁጥ፣ ይይዛል። ከዚህ ውስጥ ለፊት የሚደርሰው 8 በ8፣ በድምሩ 64 ነቁጥ ብቻ ነው። ለባርኔጣ፣ ለጠጉርና ለካፖርት የሚሆን ሁለተኛ ንጣፍ ከላይ ሊደረብ ቢችልም፣ ዓይንና አፍ፣ ጢምና ፈገግታ በእነዚህ ጥቂት ነቁጦች መገለጽ አለባቸው።

ልኩ ይስፋ የሚሉት ወገኖች ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው፣ መሣሪያው አቅም ካገኘ ወዲያ ሰውን በ64 ነቁጥ ማጠር ምክንያት የለውም የሚል ነው። ሁለተኛውና ክብደት ያለው ግን፣ የሰው ክብር እንደ ራሱ ሆኖ መታየትን ይጠይቃል የሚለው ነው። ሹሩባ የተሠራች ልጃገረድ ሹሩባዋን፣ ጠባሳ ያለበት ጠባሳውን፣ ሽማግሌው የግንባሩን መስመር ሊያሳይ ቢወድ ለምን ይከለከላል?

ልኩ አይነካ የሚሉት መልስ ከውበት ሕግ ይነሣል። የአንዱ ብሎኬት ገጽታ 16 በ16 ነቁጥ ነው፤ የሰውየው ራስ ደግሞ በወርዱ የብሎኬቱን ግማሽ ያህላል። ስለዚህ ግድግዳውና ግድግዳውን የካበው ሰው በአንድ መለኪያ የተሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። የሰውየው ፊት ብቻ እንደ ፎቶግራፍ ቢጠራ፣ በእንጨት አሻንጉሊቶች ትርኢት መካከል ሥጋ ለባሽ ተዋናይ እንደ ማቆም ይሆናል፤ ሰውየው በገዛ ዓለሙ እንግዳ ይሆናል።

ሁለቱም ወገኖች የሚሉት እውነትነት አለው፤ የሁለቱም ክርክር ግን ሲመረመር ይጎድለዋል። ከመጀመሪያው ክርክር ሥር ያለው እምነት ዝርዝር ሲበዛ እውነት ይበዛል የሚል ነው። የኪነ ጥበብ ታሪክ ይህን አይመሰክርም። በጥንቱ የግሪክ ቴአትር ተዋናዩ ጎላ ባሉ መስመሮች የተሠራ ጭምብል አጥልቆ ሐዘኑን ከሩቅ ለተቀመጠው ተመልካች ያደርስ ነበር። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ኃጥአን ግን በጎን አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይሳላሉ፤ ተመልካቹ ፍርዱን የሚያነበው ከፊት ሽብሽባት ሳይሆን ከዚህ አንድ ውሳኔ ነው። ሸማኔም ጥለት የሚያወጣው ክሩን እየቆጠረ በመሆኑ መስመሩ እንደ ፒክስል በደረጃ ይወጣል እንጂ እንደ ብዕር አይጎብጥም፤ ስለዚህ ግን ጥለቱን ጎደሎ ያለው የለም። አሜሪካዊው የሥዕላዊ ትረካ ደራሲ ስኮት ማክላውድ በ1993 ባሳተመው የጥናት ሥራው እንዳስረዳውም፣ የፊት ሥዕል እየቀለለ በሄደ መጠን አንድን ሰው ብቻ መምሰሉ ይቀርና ብዙዎች ራሳቸውን የሚያዩበት ይሆናል። ማነስ ሁልጊዜ መጉደል አይደለም።

በሌላ በኩል የውበት ሕግ ብቻውን ሰውን ከምስሉ ሊከለክል አይችልም። ይህንንም የጨዋታው የራሱ ታሪክ ያስረዳል። እስከ 2014 ድረስ የስኪኑ ገበታ 64 በ32 ነበር። በዚያ ገበታ ላይ ለአንድ እጅና ለአንድ እግር ብቻ ቦታ ስለነበረ ግራው የቀኙ ግልባጭ ነበር። አንድ እጁ ከሌላው የተለየ ሰው፣ በፋሻ የተጠቀለለም ይሁን የተነቀሰ፣ ሊሳል አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት ገበታው ወደ 64 በ64 ሲሰፋ ግራና ቀኝ ተለያዩ፤ ከነባሩ ስቲቭ ጎንም ክንዷ ቀጠን ያለው አሌክስ ቆመች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ፊቱ ያን ጊዜም 8 በ8 እንደሆነ መቅረቱ ነው። የሰፋው የነቁጡ ጥራት ሳይሆን በምስል ሊነገር የሚችለው ነገር ነው።

በ2022 ደግሞ ከስቲቭና ከአሌክስ በተጨማሪ ሰባት ሰዎች፣ ማኬና፣ ዙሪ፣ ኤፌ፣ ኑር፣ አሪ፣ ካይና ሰኒ፣ ጨዋታው በነፃ ከሚሰጣቸው መልኮች ተርታ ገቡ። በቆዳ ቀለም፣ በጠጉርና በአለባበስ ይለያያሉ፤ ሆኖም ለአንዳቸውም ፊት አንዲት ነቁጥ አልተጨመረችም። ቤድሮክ በተባለው የጨዋታው እትም በ2019 የመጣው የመልክ ማዘጋጃም ተጫዋቹ ሰው ሠራሽ እጅ ወይም እግር እንዲመርጥ አስችሏል። ለብዙ ጊዜ ሳይታይ የኖረ ሰው ሊታይ የቻለው በእነዚህ መንገዶች ነው።

እንግዲህ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው ሲቀርቡ ኖረዋል፤ ዝርዝርና ልዩነት። ልዩነት አንዱን ሰው ከሌላው የሚለየውን የማሳየት መብት ነው፤ ዝርዝር ደግሞ ያው የታየው ነገር ይበልጥ ተጣርቶ መታየቱ ነው። የሰው ክብር የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ነው። ሹሩባዋን ማሳየት የምትፈልግ ልጅ የሚያስፈልጋት ሹሩባ መሆኑ የሚታወቅበት መስመር እንጂ የእያንዳንዱ ጠጉር ጥላ አይደለም። ልዩነትን በዝርዝር ስም የሚጠይቅ ሰው ተገቢ ጥያቄ ይዞ የተሳሳተ በር ያንኳኳል።

ከዚህም የሚከብደው የሠሪው ጉዳይ ነው። ሁለተኛውን ንጣፍ ትቶ የመጀመሪያው ብቻ ቢቆጠር፣ ስድስቱን ሣጥኖች በሁሉም ጎናቸው ለመሸፈን የሚያስፈልገው 1,632 ነቁጥ ነው። አንድ ልጅ በእያንዳንዱ ነቁጥ ላይ 5 ሰኮንድ ቢያጠፋ ሥራው ከሁለት ሰዓት ከሩብ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ያልቃል፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ገበታው ወደ 128 በ128 ሲያድግ ግን ነቁጡ አራት እጥፍ ሆኖ 6,528 ይደርሳል፤ ጊዜውም ዘጠኝ ሰዓት ያልፋል። ከጊዜው ይልቅ የሚበልጠው ደግሞ ችሎታው ነው። በ64 ነቁጥ ፊት ላይ ዓይን ማለት ሁለት ነቁጥ ነጭና ሌላ ቀለም ማቀመጥ ሊሆን ይችላል፤ በ256 ነቁጥ ፊት ላይ ግን ጥላና ብርሃን፣ ቅንድብና ሽፋሽፍት ማወቅን ይጠይቃል። ልኩ በሰፋ ቁጥር ብሩሹ ከልጁ እጅ ወደ ባለሙያው እጅ ይሄዳል። ባለሙያው የሠራው ደግሞ ሸቀጥ ይሆናል።

ይህ ሥጋት ብቻ አይደለም። ጨዋታው ዛሬ በሁለት ሕግ የሚኖር ነው። ጃቫ የተባለው እትም 64 በ64ን ይዞ ሲቆይ፣ ቤድሮክ 128 በ128 ይፈቅዳል፤ በ2017 የተከፈተው የገበያ አዳራሽም የተዘጋጁ መልኮችን ለቤድሮክ ተጫዋቾች በገንዘብ ያቀርባል። ከመሣሪያ አቅምም አንጻር ቢታይ፣ በ2017 ለጨዋታው ቃል የተገባለት የላቀ የምስል ጥራት ጥቅል በየዓይነቱ መሣሪያ ላይ እንደሚፈለገው ሊሠራ ባለመቻሉ በ2019 ተሰርዟል። ዝርዝር ሁልጊዜ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም ሁሉም እኩል አይከፍለውም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መፍቀድ ማስገደድ አይደለም፤ ችሎታ ያለው ወጣት በጠራ ገበታ ይሣል፣ ያልቻለውም በ64 ይቆይ፣ አንዱ በሌላው ላይ ምን ያጎድላል? ክርክሩ ምስሉ በግል ክፍል የሚሰቀል ሥዕል ቢሆን ኖሮ ያሸንፍ ነበር። ስኪን ግን ሰው አደባባይ የሚወጣበት ልብስ ነው። በአደባባይ አዲስ ልክ ሲገባ የቀድሞው ልክ ባለበት አይቆይም፤ የድሀ ልክ ይሆናል። ተጫዋቹ መልኩን ራሱ የማይቀባበት፣ ዝርዝር መልክ በባለሙያዎች ተሠርቶ በሚሸጥበት በፎርትናይት ጨዋታ፣ ምንም ያልገዛው ልጅ «ዲፎልት» እየተባለ በጓደኞቹ መዘለፉ በሰፊው ተዘግቧል። ቃሉ የመነሻ መልክ ማለት ብቻ ነበር፤ ስድብ የሆነው መልክ የሚገዛ ነገር ከሆነ በኋላ ነው።

ይህም ሆኖ ልኩን መጠበቅ የሚያስከፍለው ነገር የለም ማለት ሐሰት ነው። ብሩሹ የረቀቀለት ወጣት በ64 ነቁጥ ፊት ላይ የሚቀርበት ብዙ ነው፤ ለእርሱ ሸራውም ሆነ ሌላው የኮምፒዩተር ሥዕል ክፍት መሆኑ ቁጭቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የእርሱ መቅረትና የብዙዎች ከሠሪነት ወደ ገዥነት መውረድ በሚዛን ሲቀመጡ ግን ሁለተኛው ይከብዳል። የመጀመሪያው አንድ ችሎታ የሚጠበብበት ቦታ ነው፤ ሁለተኛው ችሎታ ከነጭራሹ ሳይጀመር የሚቀርበት ነው።

ስለዚህ ገበታው ይስፋ አይስፋ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በነቁጥ ብዛት አይሰጥም። ማስፋቱ ከዚህ በፊት ሊታይ ያልቻለ ሰው እንዲታይ የሚያደርግ ከሆነ፣ ግራውን ከቀኝ እንደለየው የ2014ቱ ለውጥ፣ ለሁሉም በነፃ ሊደረግ ይገባዋል፤ ጥብቅ ውበትም ሊያግደው አይገባም። የታየውን ብቻ አጥርቶ የሚደግም ከሆነና ልጁ በእጁ ሊሞላው ከማይችለው መጠን የሚያልፍ ከሆነ ግን ቢቀር ይሻላል።

ጉዳዩ ከዚህ ጨዋታም ያልፋል። ሥዕል የሚያስተምር መምህር የተዘጋጀና ያማረ ምስል ለልጆች ቀለም ቅቡ ብሎ ሲሰጥ፣ የቴአትር ክበብ የተሰፋ ልብስ ተከራይቶ ልጆቹ በወረቀት የሠሩትን ዘውድ ሲጥል፣ በትንሹ ያው ጥያቄ ይመጣል። ውጤቱ ያማረ መሆኑ አያጠራጥርም። ከመድረኩ በኋላ ግን አንዱ ልጅ ዘውዱ እንዴት እንደተሠራ ያውቃል፤ ሌላው የሚያውቀው ስንት እንደተከፈለበት ነው።