«እኔ ጋ ይሠራል» ለምትሉ

ደንበኛ ደውሎ ፕሮግራሙ በድንገት እየተዘጋ ሥራ እንዳስፈታው ሲነግራችሁ የምትሰጡት መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፦ «እኔ ጋ ይሠራል»። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እንዲያበራ ታዙታላችሁ። ችግሩ ሲደገም ራሙ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ቫይረስ ይኖረዋል፣ ዊንዶውሱ ኦሪጅናል አይደለም ትላላችሁ። ሰውየው ሙያው አይደለምና አምኗችሁ ስልኩን ይዘጋል። ይህ በሙያችን ውስጥ እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር ነው። ቀልድ ግን አይደለም። የሰውን እውነተኛ ምስክርነት ሐሰት ማድረግ ነው፤ በደል ነው።

ተሳስታችኋል ብዬ አልወቅሳችሁም። ብዙ ትሬድ ያለው ፕሮግራም መጻፍ ከባድ ነው። ኤድስገር ዳይክስትራ ሁለት ሥራዎች አንድን ነገር በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ ማድረግ የሚቻልበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1965 ጽፎ ካቀረበ ወዲህ፣ ከእኛ የሚበልጡ ብዙ ሰዎች ከዚሁ ችግር ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። መሳሳት ያለ ነው። የምወቅሳችሁ ስህተታችሁ ሲነገራችሁ ስለምትክዱ፣ ክዳችሁም ጥፋቱን በሌላው ኮምፒውተር ላይ ስለምታላክኩ ነው።

የምትክዱትን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ሒሳብ ውስጥ 1,000 ብር አለ እንበል። አንዱ ትሬድ 200 ብር ሊቀንስ ሒሳቡን ያነባል፤ 1,000 ያገኛል። 800 ብሎ ሳይጽፍ ሌላው ትሬድ 500 ብር ሊጨምር ይመጣል፤ እሱም 1,000 ያነብና 1,500 ብሎ ይጽፋል። ወዲያው የመጀመሪያው በላዩ 800 ይጽፍበታል። 1,300 መሆን የነበረበት ሒሳብ 800 ሆነ። ማንም ሳይሰርቅ 500 ብር ጠፋ፤ ስክሪኑ ላይ አንድም የስህተት መልእክት አልወጣም። አሁን ደግሞ ሁለቱ የሚሻሙት ብር ሳይሆን የሜሞሪ ቦታ ቢሆንስ? አንዱ ጨርሻለሁ ብሎ የለቀቀውን ቦታ ሌላው ገና ያነባል፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ክራሽ ያደርጋል። ክራሹ በዝምታ ከተበላሸው ሒሳብ ይሻላል፤ ቢያንስ «እዚህ ጋ ችግር አለ» ብሎ ይናገራል። እናንተ ግን የተናገረውን ዝም ታሰኛላችሁ።

«ታዲያ ለምን እኔ ጋ አይታይም?» ትላላችሁ። መልሱን የማታውቁት ስላልጠየቃችሁ ነው። ሁለቱ ትሬዶች የሚጋጩባት ቅጽበት እጅግ አጭር ናት፤ መቼ እንደምትደርስም የሚወስኑት የኮሮቹ ብዛት፣ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተራ የሚያከፋፍልበት መንገድ፣ ጎን ለጎን የተከፈቱት ሌሎች ፕሮግራሞች ናቸው። ኮምፓይለሩም የራሱ ድርሻ አለው፤ በዲበግ ሞድ ስትሠሩ እንደጻፋችሁት የተወው ኮድ፣ ለደንበኛ ስትልኩት ለፍጥነት ሲባል ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ፕሮሰሰሮች ራሳቸው አንድ ዓይነት ሕግ የላቸውም። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ወደ ሜሞሪ የሚጻፈውን ነገር ለሌሎቹ ኮሮች በተጻፈበት ቅደም ተከተል ያሳያሉ፤ አርም ግን ሎክ ወይም ሌላ ማገጃ ካላደረጋችሁበት ቅደም ተከተሉን ሊያዛባው ይፈቀድለታል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ኤም1 የተባለውን የአርም ፕሮሰሰር ሲያወጣ ለኢንቴል የተሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው ሮዜታ 2 ይህንኑ የኢንቴል ሥርዓት እንዲጠብቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ በሮዜታ ሥር ደህና የነበረ ፕሮግራም በቀጥታ ለአርም ሲዘጋጅ ቢወድቅ፣ አዲሱ ማሽን አላበላሸውም፤ ድሮም የነበረውን ስህተት ገለጠው እንጂ።

ይህ ነገር በአገራችንም በየቀኑ ይገጥማል። አብዛኛው ሰው አገልግሎት የሚያገኘው በስልኩ ነው፤ የስልኩ ፕሮሰሰር አርም ነው። እናንተ ግን የምትጽፉት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ባለው ላፕቶፕ ላይ ነው። በዚያ ላፕቶፕ ላይ ያለው የአንድሮይድ ኢሙሌተርም የሚጠቀመው የላፕቶፑን ፕሮሰሰር ነው። አንድም ርካሽ ስልክ ሳትነኩ «ሞክረነዋል» የምትሉ ሁሉ፣ ደንበኛው የሚጠቀምበትን ዓይነት ማሽን ጨርሶ አልሞከራችሁም።

ክህደት የት እንደሚያደርስ ማየት ከፈለጋችሁ የቴራክ-25ን ታሪክ አንብቡ። የካናዳው ኤኢሲኤል ለካንሰር ሕክምና የሠራው የጨረር ማሽን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ለ6 ሕሙማን ከልክ ያለፈ ጨረር ሰጠ፤ ቢያንስ 3ቱ ሞቱ። በሐምሌ 1985 በካናዳ ሃሚልተን አደጋው ሲደርስ የኩባንያው ሰዎች ሊደግሙት ሞክረው አልቻሉም። ስላልቻሉም አንዲት ማይክሮስዊች ናት ጥፋተኛዋ ብለው ገመቱ፤ እሷን አስተካክለው የማሽኑ ደኅንነት ቢያንስ 100,000 ጊዜ ተሻሻለ አሉ።

በመጋቢት 1986 በቴክሳስ፣ ታይለር ከተማ ኦፕሬተሯ ኤሌክትሮን ማለት ሲገባት ኤክስሬይ ብላ ጻፈች። ስህተቷን ወዲያው አይታ ከርሰሩን ወደ ላይ መልሳ አረመችው። ሥራውን ለምዳዋለችና እጇ ፈጣን ነበር። ማሽኑ ማግኔቶቹን ለማስተካከል 8 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ የተደረገውን እርማት ግን አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ሲያየው ሌላው አላየውም። ስክሪኑ «ማልፈንክሽን 54» አለ፤ ትርጉሙን በግልጽ የሚያስረዳ ነገር አልነበረም። ኦፕሬተሯ የመቀጠያውን ቁልፍ ተጫነች። አንድ ጊዜ በጨረሩ ተመትቶ የነበረው ሕመምተኛ ሁለተኛ ጊዜ ተመታ። ከ5 ወር በኋላ ሞተ።

የኩባንያው መሐንዲሶች መጡ፤ መረመሩ፤ ችግሩን ማየት አልቻሉም። ማሽኑ ከልክ በላይ ሊሰጥ አይችልም፣ ምናልባት የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሆናል አሉ። ማሽኑ ወደ ሥራ ተመለሰ። በሚያዝያ 11 በዚያው ማሽን፣ በዚያችው ኦፕሬተር እጅ፣ ያው «ማልፈንክሽን 54» ሌላ ሰው መታ፤ እሱም በ3 ሳምንት ውስጥ ሞተ። እውነቱን ያገኙት የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያና ኦፕሬተሯ ናቸው። እሷ ያደረገችውን እያስታወሰች፣ እሱም ከአጠገቧ ሆኖ እየደጋገመ፣ ቁልፉ ያለው በእርማቱ ፍጥነት ላይ መሆኑን ደረሱበት። የኩባንያው መሐንዲስም በዚያ ፍጥነት መጻፍ እንዳለበት እስኪነገረው ድረስ ስህተቱን ሊያሳይ አልቻለም ነበር። መሐንዲሱ በዝግታ ስለሚጽፍ እሱ ጋ ይሠራ ነበር። በመካከሉ ሰው ሞተ።

ሌላም ልብ የምትሉት ነገር አለ። ያው ስህተት ከእሱ በፊት በተሠራው ቴራክ-20 ላይም እንደነበረ ኋላ ተገኘ። በዚያ ግን ማሽኑ የራሱ የሃርድዌር መከላከያ ስለነበረው ፊውዝ ያቃጥል ነበር እንጂ ሰው አይጎዳም ነበር። ቴራክ-25 ሲሠራ ያ መከላከያ ተነሣ፤ ሶፍትዌሩ ሲሠራ የኖረ ነው ተብሎ ታመነ። «ዓመታት ሠርቷል» የሚለው ማስረጃችሁ የሚያወጣው ዋጋ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2003 በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት ሲጠፋበት፣ በኦሃዮ የመቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያው ሲስተም አስቀድሞ ሞቶ ነበር፤ ተቆጣጣሪዎቹም መሞቱን አላወቁም። ምክንያቱ ሬስ ኮንዲሽን፣ ማለትም ከላይ በሒሳቡ ያየነው ዓይነት ግጭት፣ ሆኖ ተገኘ። ሠሪው ጄነራል ኤሌክትሪክ እንዳለው ሲስተሙ ከዚያ በፊት በየቦታው በድምሩ ከ3 ሚሊዮን ሰዓት በላይ ሲሠራ ያ ስህተት አንድ ጊዜም አልተገለጠም። እናንተ ደግሞ አንድ ከሰዓት ሞክራችሁ ትምላላችሁ።

ሁለተኛው በደላችሁ የማስመሰል ሕክምናችሁ ነው። መካድ ሲያቅታችሁ ኮዱ መሀል ስሊፕ ትጨምራላችሁ፤ ትሬዱ ትንሽ ሲዘገይ ግጭቱ ይሸሸጋል፤ ፈጠን ባለ ወይም በተጨናነቀ ማሽን ላይ ተመልሶ ይመጣል። ፕሪንት ስትጨምሩ ክራሹ ይጠፋል፤ ፕሪንቱ ራሱ ሎክ ይይዛልና፣ ጊዜውንም ይለውጣልና ነው። ያን ጊዜ መጠርጠር ሲገባችሁ ደስ ብሏችሁ ፕሪንቱን እንዳለ ትተዉታላችሁ። በሲና ሲፕላስፕላስ ቮላታይል መጻፍ ትሬዶችን አያስማማም፤ እናንተ ግን በየቦታው ትለጥፉታላችሁ። ሌሎቻችሁ ስህተቱን በትራይ ካች ይዛችሁ ትውጡታላችሁ፤ ወይም ፕሮግራሙ በሞተ ቁጥር ራሱን እንዲያስነሣ ታደርጉና «ተፈታ» ብላችሁ ሪፖርት ታቀርባላችሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እናንተ የደበቃችሁት ግን የራሳችሁን በሽታ አይደለም፤ ሌላ ሰው የሚታመምበትን ነው።

እንዴት መሥራት እንደሚገባ አናውቅም አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ፓዝፋይንደር ማርስ ላይ ካረፈ በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱን ደጋግሞ ሪሴት ማድረግ ጀመረ። መሐንዲሶቹ «እዚህ ምድር ላይ ይሠራል» ብለው አልተቀመጡም። ሥራውን የሚመዘግበውን መሣሪያ ከሶፍትዌሩ ሳያወጡ ልከውት ነበር፤ የመንኮራኩሩን ቅጂ መሬት ላይ አስነሥተው ያው ችግር እስኪደገም ድረስ አሠሩት። ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ሎክ ይዞ ከፍተኛ ቅድሚያ ያለውን ሲያግደው አገኙትና እርማቱን ወደ ማርስ ላኩ። ማርስ ላይ ያለ ማሽን እንዲህ ከተመረመረ፣ መርካቶ ያለ የደንበኛ ኮምፒውተር ከማን ሩቅ ነው?

እንግዲህ ይህን አድርጉ። ፕሮግራሙ ሲወድቅ ኮር ዳምፕ እንዲተው አዘጋጁ፤ ለላካችሁት ለእያንዳንዱ ቨርዥን የዲበግ ሲምቦሉን አስቀምጡ። ዳምፑን ስትከፍቱ የወደቀውን ትሬድ ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ስታክ ትሬስ አንብቡ፤ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሌላው ነው። ደንበኛውን ስንት ኮር እንዳለው፣ ምን እንደተከፈተ፣ እጁ ምን ሲሠራ እንደነበር በትሕትና ጠይቁ። በክላንግና በጂሲሲ ውስጥ ትሬድ ሳኒታይዘር በነፃ አለላችሁ፤ ፕሮግራሙን ከ5 እስከ 15 እጥፍ ያዘገየዋል፣ ነገር ግን በሩጫው ያገኘውን ግጭት ክራሽ ባይከተልም እንኳ በመስመር ቁጥሩ ያሳያችኋል። በአንድ ኮርም፣ በብዙ ኮርም፣ በአርምም፣ በተጨናነቀ ማሽንም አሠሩት። ከሁሉ በፊት ግን የትኛው ዳታ በየትኛው ሎክ እንደሚጠበቅ ጻፉ። መጻፍ ካልቻላችሁ ኮዱን አታውቁትም። በሲፕላስፕላስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ዳታ ሬስ ያለበት ፕሮግራም ምን እንደሚሠራ ቋንቋው ምንም ዋስትና አይሰጥም። «ምንም አያመጣም» የሚባል ሬስ የለም።

ራም የሚበላሽበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን የሚከስ ማስረጃ ያቅርብ። ራሙን የሚፈትሽ ፕሮግራም ሳታስኬዱ የሰውን ኮምፒውተር አትክሰሱ፤ አንድ ዓይነት ክራሽ ከሦስት የተለያዩ ደንበኞች ከመጣ ደግሞ ክሱን ወደ ራሳችሁ መልሱት።

እናንተም አለቆች፣ ከዚህ ወቀሳ አታመልጡም። ስህተት እንዳለ ያመነውን ሠራተኛ እንደ ሰነፍ፣ ቶሎ «ተዘጋ» ያለውን እንደ ጎበዝ የምትቆጥሩት እናንተ ናችሁ። ምርመራ ሳምንት ሲፈልግ አንድ ቀን ትሰጣላችሁ፤ ከዚያ የተሸፋፈነ ሥራ ስትቀበሉ ትገረማላችሁ።

ፕሮግራሙ የሚፈረድለት ወይም የሚፈረድበት እናንተ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በተጠቃሚው እጅ ነው። እሱ ጋ የማይሠራ ፕሮግራም አይሠራም። ይህን የማይቀበል ሰው ትሬድ የሚባል ነገር አይንካ፤ የሚቀበል ግን ዛሬውኑ ወደ ደንበኛው ይደውል፣ «ልክ ነህ» ይበለው፣ ሥራውንም ከዚያ ይጀምር።